ግድግዳ የምንጋራው ባትሪ ጠጋኝ፤ ለማን ነው አቤት የሚባለው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ነው፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ያገለገለ የመኪናና የባጃጅ ባትሪ እየገዛ ይጠግናል። ባትሪውን ይፈታል፣ ውሃውን ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ከሰል አቀጣጥሎ የሆነ ነገር ያቀልጣል። የ3 እና የ6 ዓመት ልጆች አሉኝ። ቀበሌ ሄጄ ነበር፤ "ንግድ ፈቃድ አለው፣ ምን እናድርገው?" ብለው መለሱኝ። ሕጉ ምን ይላል? የሚመለከተውስ ማንን ነው? ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ልጆቹም ከልጆቼ ጋር ነው የሚውሉት፤ እንጀራውን መዝጋት አልፈልግም።

ምላሽ፦

ቀበሌ በሰጠዎት መልስ ልጀምር፤ ብዙ ሰው እዚያው ላይ ነው ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ የሚመለሰው። ንግድ ፈቃድ ሰውየው ተመዝግቦ፣ ግብር እየከፈለ እንዲነግድ የሚሰጥ ወረቀት ነው። አደገኛ ቆሻሻ እንዲይዝ፣ እንዲያከማችና እንዲያስወግድ የሚፈቅድ ወረቀት ግን አይደለም። ያንን የሚሰጠው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው፣ መስፈርቱም ሌላ ነው። ስለዚህ ቀበሌው የመለሰው እርስዎ ያልጠየቁትን ነው። የእርስዎ ጥያቄ "ባትሪ ለመፍታትና አሲድ ለማስወገድ ከአካባቢ ጥበቃ የተሰጠው ፈቃድ አለ ወይ?" የሚል ነው። ከዚህ በኋላ በቃልም ሆነ በጽሑፍ ሲጠይቁ በዚሁ መልክ ይጠይቁ።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ከፌዴራሉ ወይም ከክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳይገኝ አደገኛ ቆሻሻ ማመንጨት፣ መያዝ፣ ማከማቸት፣ ማጓጓዝም ሆነ ማስወገድ ክልክል መሆኑን ደንግጓል። አደገኛ ቆሻሻ የሚሰበስብ ወይም መልሶ ጥቅም ላይ የሚያውል ሰው በሰው ጤናና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንዳይደርስ የመጠንቀቅ ግዴታም ተጥሎበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ተብሎ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090 ወጥቷል። ከሕግ እጥረት አንፃር የሚጎድለን ነገር የለም።

ክርክር ከተነሳ የሚነሳው "ይሄ እኮ ተጠግኖ የሚሸጥ ዕቃ ነው፣ ቆሻሻ አይደለም" በሚለው ላይ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000 የአደገኛ ቆሻሻን ከአገር አገር ዝውውር የሚቆጣጠረውን ዓለም አቀፉን የባዝል ስምምነት ተቀብላለች። ስምምነቱ ከአደገኛ ቆሻሻዎች ዝርዝሩ ውስጥ ኤ1160 በሚል መለያ ያስቀመጠው ያገለገለ የእርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) እና አሲድ ባትሪን ነው፤ ሙሉም ይሁን የተሰባበረ። ባትሪው የሚጠገን ዕቃ ነው ቢባል እንኳ ከውስጡ የሚወጣው አሲድ፣ ጭቃና የተበላሸ ፕሌት (የእርሳስ ሰሌዳ) ቆሻሻ መሆኑ አያከራክርም። ሥራው አነስተኛ መሆኑም አያስቀርለትም፤ አዋጁ የሚናገረው ስለ ማንኛውም ሰው እንጂ ስለ ፋብሪካ ብቻ አይደለም።

በዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር። ጅማ ውስጥ ስለ ብክለት ሲወራ ቶሎ የሚታወሰው የእሸት ቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ነው። ተገቢ ነው፤ በመኸር ወቅት ሽታው ራሱ ይናገራል፣ የወንዙ ቀለምም ይለወጣል፣ ሕዝብም ይጮኻል። የእርሳስ አቧራ ግን አይሸትም፣ ቦዩንም አያጠቁርም። ቁጥጥሩ በዓይንና በአፍንጫ በሚታወቀው ላይ ሲያተኩር፣ በየሰፈሩ ግቢ ውስጥ የሚሠራው ባትሪ ጠጋኝ ማንም ሳይጎበኘው ዓመታት ያልፋሉ። እኔ ቅድሚያ ስጥ ብባል መጀመሪያ የምጎበኘው ልጆች የሚጫወቱበትን ግቢ ነው።

አሁን እዚያ ግቢ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ በቅርብ እንየው፤ አደጋው የትኛው ላይ እንደሆነ ሳያውቁ መከላከል አይቻልምና። "ውሃ" የሚባለው ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ሙሉ ቻርጅ ባለው ባትሪ ውስጥ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ንጹሕ አሲድ ነው፣ የቀረው ውሃ። ባትሪው ሲያረጅ አሲዱ ይቀጥናል፣ ስለዚህ ሲደፉት እጅ ላይ ያን ያህል ላያቃጥል ይችላል። ነገር ግን ከፕሌቶቹ የረገፈውን የእርሳስ ደቃቅ ይዞት ይወጣል። ከባትሪው ሥር የተጠራቀመው ግራጫ ጭቃ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። እርጥብ እያለ ጭቃ ነው፤ በፀሐይ ሲደርቅ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ሆኖ በነፋስ፣ በጫማና በመጥረጊያ ይሄዳል።

ከዚያ ክዳኑ በመጋዝ ወይም በጋለ ቢላ ይከፈታል። ሴሎቹ እየተነቀሉ ይወጣሉ፣ የሞተው ይጣላል፣ ከሌላ ባትሪ የተረፈ ደህና ሴል ይተካበታል። አመሻሽ ላይ የሚያዩት ማቅለጥ ሴሎቹን መልሶ ለማያያዝና የተበላውን የባትሪ ጫፍ አዲስ አድርጎ ለመቅረጽ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ የከሰል ምድጃ ከዚያ በላይ ይሰጣል። የቀለጠው ላይ እንደ ቅባት የሚሰፍፍ ቢጫማ ግራጫ ነገር አለ። በማንኪያ ይገፈፍና መሬት ላይ ይራገፋል። እሱም የእርሳስ ኦክሳይድ ነው። ጠዋት ግቢው ሲጠረግ ይህ ሁሉ እንደገና ይነሳል። ጭሱ ቢያሳስብዎትም፣ ልጆችዎን ይበልጥ የሚጎዳው ወለል ላይ የሚቀረው አቧራ ነው።

መጠኑን በቁጥር ለማሳየት፦ አንድ የመኪና ባትሪ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስ ነው። 10 ኪሎ እንበል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ መብለጥ የለበትም። በዚህ ሒሳብ አንድ ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስ ከ110 ቶን በላይ የሚሆን ቀለም ገደቡ ጫፍ ላይ ያደርሳል። አንድ ባትሪ ሲፈታ ከውስጡ የአንድ ሻይ ማንኪያ ያህል አቧራ ብቻ ግቢው ውስጥ ቢቀር እንኳ ለትንሽ ልጅ ብዙ ነው።

ልጆች ከእኛ የሚለዩት በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እጃቸው ከመሬት ወደ አፋቸው ይመላለሳል። ሁለተኛ፣ ትንሽ ልጅ የዋጠውን እርሳስ ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ አብልጦ ወደ ደሙ ያስገባል። እርሳሱ የሚያርፈው በማደግ ላይ ባለው አንጎሉ ላይ ነው፤ የማስተዋልና የመማር አቅምን ይቀንሳል፣ ጠባይንም ይለውጣል። አንዴ የደረሰው የአንጎል ጉዳት በመድኃኒት አይመለስም። ምንም ጉዳት አያደርስም ተብሎ የተረጋገጠ የእርሳስ መጠን እስካሁን የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሰው ደም ውስጥ በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል።

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ እንዳይመስልዎት፣ እዚሁ ጅማ ጋራዦች ውስጥ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት የ45 የጋራዥ ሠራተኞች ደም ተመርምሮ ሁሉም በዴሲሊትር ከ10 ማይክሮግራም በላይ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል፤ አማካዩ ወደ 20 የተጠጋ ነበር። እነዚህ አዋቂዎች ናቸው። ሠራተኛው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ቤቱ ገብቶ ልጁን ሲያቅፍ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ከእርስዎ ልጆች ይልቅ የጎረቤትዎ ልጆች፣ ከእነሱም ይልቅ ሰውየው ራሱ የባሰ አደጋ ላይ ናቸው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ እርሳስ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ፅንሱ ጋ ይደርሳል። በአጥንት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተቀምጦ በእርግዝና ጊዜ ተመልሶ ወደ ደም የመውጣት ጠባይም አለው።

ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ። አብዛኛው ልጅ ምንም ምልክት አያሳይም። ሲያሳይም የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ መነጫነጭ፣ የደም ማነስ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በእኛ አካባቢ ወዲያው የሆድ ትል ተብለው መድኃኒት የሚሰጥባቸው ናቸው። ሁለቱንም ልጆች ሐኪም ጋ ይውሰዷቸውና "ባትሪ የሚፈታበት ግቢ አጠገብ ነው የምንኖረው፣ የደም እርሳስ ምርመራ እንዲታዘዝላቸው እፈልጋለሁ" ብለው በግልጽ ይንገሩት። ይህን ካልነገሩት ሐኪሙ በራሱ ላያስበው ይችላል። ከጣት ተወግቶ የሚወሰድ ናሙና እጅ ላይ ባለ አቧራ ስለሚበከል ከደም ሥር ቢወሰድ ይሻላል። ኩል የሚቀቡ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩት፤ አንዳንዱ ኩል ራሱ እርሳስ አለበት። ውጤቱ በዴሲሊትር 45 ማይክሮግራም እና ከዚያ በላይ ከሆነ እርሳሱን ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒት በሐኪም ቁጥጥር ይሰጣል። ከዚያ በታች ሲሆን ዋናው ሕክምና ምንጩን ማራቅ ነው። እርሳሱ ከደም ውስጥ በየወሩ በግማሽ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል፣ አዲስ ካልገባ ማለት ነው።

እስከዚያው ቤትዎ ውስጥ የሚያደርጉት ነገር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አይጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ፣ ጨርቁንም ለብቻው ይጠቡት። ጫማ በር ላይ ይውለቅ። ልጆቹ ከመብላታቸውና ከመተኛታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ግድግዳው ጥግ ያለውን ባዶ መሬት እንዳይጫወቱበት በድንጋይ፣ በሲሚንቶ ወይም ከሌላ ቦታ በመጣ ንጹሕ አፈር ይሸፍኑት። በርበሬ፣ እህልም ሆነ ቡና እዚያ ግቢ ውስጥ አያስጡ፤ የተሰጣ ነገር የሚወርድበትን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል፣ ቀጥሎም ወፍጮ ቤት ይሄዳል። የዝናብ ውሃ ከቆርቆሮው ወደ በርሜል የሚያጠራቅሙ ከሆነ ለመጠጥና ለምግብ አያውሉት። ዶሮ ካለዎት መሬት እየጫረች ያደገች ዶሮ እንቁላል ውስጥ እርሳስ ሊገባ ይችላልና ከዚያ ግቢ ያርቋት። ልጆቹ ባዶ ሆዳቸውን አይዋሉ፤ ሆድ ባዶ ሲሆን እርሳስ ይበልጥ ይሰርጻል። ብረትና ካልሲየም ያለበት ምግብ፣ እንደ ምስር፣ ጎመን፣ ወተትና አይብ ያለው፣ የሚገባውን መጠን ይቀንሳል።

ቦዩ ላይ ኖራ ይነስነስ የሚል ምክር ሰምተው ከሆነ ግማሹ ልክ ነው። ኖራ አሲዱን ይሰብረዋል፣ እርሳሱን ግን አያጠፋውም። የጅማ አፈር በተፈጥሮው አሲዳማ ስለሆነ እርሳስን አጥብቆ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ አሲድ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ክረምቱም ቀላል አይደለም፣ በዓመት በአማካይ ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድበት ከተማ ነው። ከግቢው የወጣው ጭቃ ከቦዩ ወደ አዌቱ፣ ከአዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ነው የሚሄደው። ከታች ያለው ሰው አትክልቱን የሚያጠጣውና ከብቱን የሚያሰማራው በዚሁ ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በፍጹም እንዳይደረግ። አፈሩ ውስጥ እርሳስ አለ ተብሎ አፈሩን ማበጠር፣ ማጠብና መልቀም ከባትሪ ጥገናው የከፋ ነው። ሴኔጋል ዳካር አጠገብ ትያሮይ ሱር ሜር በተባለ ሰፈር፣ ባትሪ ሲፈታበት ከኖረ ቦታ ነዋሪዎች አፈሩን ወደ ቤት እያመጡ እርሳሱን እያበጠሩ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባለው ጊዜ 18 ሕፃናት ሞቱ። ቆራሌው በኪሎ የሚገዛ ከሆነ የሰፈሩ ልጆች ይህን ከመጀመራቸው በፊት ወላጆች ይወቁት።

ወደ አቤቱታው ልመለስ። አዋጅ 300 በአንቀጽ 11 የሰጠው መብት ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ለእኔ ግን ከአዋጁ ሁሉ የሚበልጥብኝ ነው። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። "ሊጎዳ በሚችል" የሚለውን ያስተውሉት። ልጅዎ ታሞ፣ በሐኪም ማስረጃ ተረጋግጦ መምጣት አይጠበቅብዎትም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም በውሳኔው ካልተስማሙ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። 60 ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30 ቀኑ ካለቀበት ዕለት ጀምሮ ነው።

እዚህ ላይ ነው የቃል አቤቱታ ዋጋ የሚያጣው። በቃል ነግረው ሲመለሱ 30 ቀን የሚባል ነገር አይጀምርም፤ ማን መቼ እንደተነገረው የሚያሳይ ነገር የለምና። ስለዚህ ማመልከቻውን በጽሑፍ፣ በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። የሚቀርበው ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ነው፣ ግልባጩ ለኦሮሚያ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይሁን። የመሥሪያ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያው ያስጽፉት፤ ለትርጉም እየተባለ አንድ ሳምንት እንዳይባክን። መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉና እጅዎ ላይ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ያስመቱበት። ያ ወረቀት ከሌለዎት ፍርድ ቤትም ቢሄዱ የሚይዙት ነገር የለም።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። ቦታው የት እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ አሲዱ የት እንደሚደፋ፣ የሚቀለጥበት ሰዓት መቼ እንደሆነ፣ በስንት ሜትር ርቀት ላይ ስንት ሕፃናት እንዳሉ ይጻፉ። ከራስዎ ግቢ ወይም ከመንገድ የሚታየውን ቦይ ፎቶ አንስተው ያያይዙ፤ ሰው ግቢ ግን አይግቡ፣ ያ የእርስዎ ሥራ አይደለም። መግባት የሚችለው የአካባቢ ተቆጣጣሪው ነው። አዋጁ ለተቆጣጣሪው አስቀድሞ ሳያሳውቅና የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሳይጠይቅ ወደ ማንኛውም ቅጥር የመግባት፣ ናሙና የመውሰድ፣ ፎቶግራፍ የማንሳት ሥልጣን ሰጥቶታል። "ግቢው የግል ነው፣ ልንገባ አንችልም" ከተባሉ ይህን ያስታውሷቸው። የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ብትፈርም ወይም የራሷን ሪፖርት ብታያይዝ ጉዳዩ የሁለት ጎረቤት ጠብ ተደርጎ እንዳይታይ ይረዳል። ጎረቤቶችም ቢፈርሙ እንዲሁ።

ሲጨርሱ የሚጠይቁትን ነገር በግልጽ ያስቀምጡ። "ተገቢው እርምጃ ይወሰድልን" የሚል ማመልከቻ የሚያገኘው "ጉዳዩን እየተከታተልን ነው" የሚል መልስ ነው። ማቅለጡና መፍታቱ ከመኖሪያ ሰፈር እንዲነሳ፣ አሲድ ወደ ቦይ መድፋት ዛሬውኑ እንዲቆም፣ የግቢውና የቦዩ አፈር እንዲመረመር፣ ውጤቱም በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። አዋጁ በሰው ጤና ላይ አደጋ የሚፈጥርን ሥራ እስከ መዝጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ እስከ ማዛወር የሚደርስ እርምጃ እንዲወሰድ ይፈቅዳል። እርስዎ የፈለጉት ሁለተኛውን ከሆነ ማዛወርን ብለው ይጻፉ፤ አቤት ማለት የግድ ሰውን ማሳሰር አይደለም። ቅጣቱ ግን ቀላል እንዳልሆነ ጎረቤትዎም ቢያውቀው ጥሩ ነው፤ አደገኛ ቆሻሻን ከሕግ ውጭ ለያዘ ግለሰብ በአዋጅ 300 የተቀመጠው መቀጮ ከ20,000 እስከ 50,000 ብር ነው።

ፍርድ ቤት መሄድ ሩቅ ከመሰለዎት፣ ኬንያ ሞምባሳ ኦዊኖ ኡሁሩ የተባለ ሰፈር ነዋሪዎች ባትሪ የሚያቀልጥ ፋብሪካ ባደረሰባቸው ጉዳት ከፋብሪካው ጋር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም ጭምር ከሰው እ.ኤ.አ. በ2020 የ1.3 ቢሊዮን ሽልንግ ካሣ ተፈርዶላቸዋል። ተቆጣጣሪው ዝም በማለቱም ይጠየቃል ማለት ነው።

ስለ ሰውየው እንጀራ ያነሱት ነገር የዋዛ አይደለም፣ እኔንም ያሳስበኛል። በአገር ውስጥ መኪናው፣ ባጃጁ፣ የሶላር መብራቱ በበዛ ቁጥር ያረጀ ባትሪም ይበዛል። ባትሪ የሚያስመጣውና የሚሸጠው አሮጌውን መልሶ ካልተቀበለ ባትሪው ቆራሌው ጋ፣ ከቆራሌውም እንደ ጎረቤትዎ ያለ ሰው ግቢ ይገባል። እኔ እንደማምነው ቁጥጥሩ ከላይ፣ ከአስመጪው መጀመር አለበት፤ አዲስ ባትሪ የሸጠ ሁሉ አሮጌውን ተቀብሎ ፈቃድ ወዳለው ቦታ እንዲልክ ማስገደድ። መንግሥት ሲፈልግ እንደሚችል አይተናል። በየመጋዘኑ ተከማችቶ የነበረውን ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ መድኃኒት ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ በምግብና እርሻ ድርጅት እገዛ ሰብስቦ፣ እንደገና አሽጎ፣ ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋውን ፊንላንድ ድረስ ልኮ አስቃጥሏል። ያ ሥራ ዓመታት የፈጀና ብዙ ገንዘብ የወሰደ ነበር። ባትሪው ከዚያ ይቀልላል፤ እርሳስ የሚሸጥ ነገር ስለሆነ ሰብስቦ የሚያዘጋጀው ሰው ገቢ ያገኝበታል።

ስለዚህ ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት ሰውየውን ያነጋግሩት፣ ግን ለመለማመጥ አይደለም። ልጆቹን አስቀድመው ያንሱለት። ሁለታችሁም ልጆቻችሁን አብራችሁ ብታስመረምሩ ከማንኛውም ንግግር በላይ ውጤቱ ራሱ ያስረዳዋል። ሊያደርግ የሚችለውን ነገር ቁርጥ አድርገው ይጠይቁት፦ ከዛሬ ጀምሮ ማቅለጥ እንዲያቆም፣ ባትሪ ሳይፈታ ሙሉውን ገዝቶ ሙሉውን እንዲሸጥ፣ ቻርጅ የማድረጉንና የመፈተሹን ሥራ ብቻ እንዲይዝ፣ የሥራ ልብሱን እዚያው አውልቆና ታጥቦ ቤቱ እንዲገባ። ቻርጅ የሚያደርግበት ቦታም አየር የሚያገኝ ይሁን፣ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳልና። ባትሪ ሳይፈታ መግዛትና መሸጥ ትርፉ ቢያንስም እንጀራ ነው። በሳምንት ውስጥ ማቅለጡ ካልቆመ ደብዳቤውን ያስገቡ፤ ከዚያ በላይ መጠበቅ ለልጆቹ ጥሩ አይደለም፣ ለእሱም ልጆች ጭምር።

በመጨረሻ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ሰውየው ግቢውን ለቆ ቢሄድ እርሳሱ አብሮት አይሄድም። አፈሩ ላይኛው ንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል፣ አይበሰብስም፣ አይተንም። ባለቤቱ ግቢውን ለሌላ ሰው ቢያከራየው የሚቀጥለው ልጅ እዚያው አፈር ላይ ይድሃል። አዋጁ ያበላሸው ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። ስለዚህ በማመልከቻዎ ላይ ግቢው ከመከራየቱ በፊት የላይኛው አፈር ተነሥቶ በባለሥልጣኑ ትእዛዝ ወደተመደበ ቦታ እንዲወሰድ፣ መሬቱም በንጹሕ አፈር ወይም በሲሚንቶ እንዲሸፈን ይጠይቁ። የግቢው ባለቤት ሰውየው ራሱ ካልሆነ አከራዩም የማመልከቻው ግልባጭ ይድረሰው፤ ነገ "አላወቅሁም" እንዳይል።